የድሮው ካሴትና የአቶ ደምሴ ዶሮ

ሰው ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ሊቅ ይሆናል። ካላመናችሁ እኔን ጠይቁ። ኮሮና ገብቶ አቡዳቢ፣ ሙሳፋህ ውስጥ የምሠራበት የመኪና መለዋወጫ መጋዘን የተዘጋ ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የፊልም ሊቅ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ ማለቴ ለአባባሉ ነው እንጂ መቀመጥስ አልቻልኩም። ስድስት ሰው የምንኖርበት ክፍል ከበሩ እስከ መስኮቱ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ዘጠኝ እሄዳለሁ፣ ዘጠኝ እመለሳለሁ። አንዱ የክፍል ጓደኛዬ፣ «ሰይድ፣ በአላህ፣ አንዴ ተቀመጥ፤ ራሴን አዞርከኝ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እግሬ ግን ብቻውን ቀጠለ።

ውጭ መውጣት የለም። ሰፈሩ ታጥሮ በየተራ እየጠሩ አፍንጫችንን ይመረምሩናል። ያቺን የአፍንጫ እንጨት የሚያውቃት ያውቃታል። «አንጎሌን ነካችው እኮ!» ብዬ ስመለስ፣ «ካገኘችውማ ጎበዝ ናት» አሉኝ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ታዲያ ያን ጊዜ ያተረፈኝ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከአቡዳቢም ከአል ዓይንም የተሰባሰብን የድሮ ፊልም ወዳጆች ነን። ድሮ፣ ማለትም ሰው ሥራ በነበረው ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ሰው አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ሌላው «ኸይር» ይላል፣ ያበቃል። በኮሮና ጊዜ ግን ስልኬ እንደ ሽሮ ድስት ቀኑን ሙሉ ይንተከተክ ጀመር።

ነገሩን የጫረው «የሐሙስ ተሳፋሪ» የሚባል ፊልም ነው። የቆየ ፊልም ነው። ልጁ ሩቅ አገር ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ልጅቷ አርፍዳ ስትደርስ፣ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ የሚያበቃው። እኔ ደሴ፣ ሦስት ረድፍ አግዳሚ ወንበር ባለው ቪዲዮ ቤት ውስጥ በካሴት ነው ያየሁት። ወደዚህ አገር ስመጣ ያን ካሴት ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ መጣሁ። ሌላው ሰው በርበሬ ያመጣል፣ እኔ ካሴት። በኋላም ወደ ስልክ አስገለበጥኩትና የግሩፑ ባለ ካሴት እኔ ሆንኩ። ሥልጣን ማለት ይኸው ነው። ሌላው የሌለውን መያዝ።

እንዲህ ተከብሬ ስኖር፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ፊልም አሳታሚ «የሐሙስ ተሳፋሪ»ን እንደ አዲስ አጽድቶ በዲቪዲ አወጣው። ግሩፓችን ውስጥ ሐያት የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ አለች። አቡዳቢ መሀል ከተማ ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው። የቪዛና የኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ፎቶ የምታነሳ፣ ጆሮህ ካልታየ ጸጉርህን አስነስታ እንደገና የምታስቀምጥህ ዓይነት ሴት ናት። ለእሷ ዘመዷ ዲቪዲውን ከጭነት ዕቃ ጋር ላከላት። አየችው። «ሱብሃነላህ፣ ሌላ ፊልም ነው የሚመስለው!» ብላ ጻፈች።

ሌላ ፊልም? እንግዲያው የኔ ካሴት ምን ሊሆን ነው?

ተነሳሁ። ዘጠኝ እርምጃዬን እየሄድኩ የድምፅ መልእክት መላክ ጀመርኩ። «ያረጀን ነገር ማደስ ማበላሸት ነው!» አልኩ። ሐያት ከዲቪዲው አንድ ፎቶ ላከች። «አያችሁ? ሰማዩን ሰማያዊ አድርገውታል!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰማይ ምን እንዲሆን ፈልገህ ነበር?» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ እኔ የማውቀው የ«ሐሙስ ተሳፋሪ» ሰማይ ቢጫ ነው። ቢጫው ነው ናፍቆቱ። ቢጫው ላይ ያቺ ከላይ ወደ ታች የምትወርደው ነጭ መስመር አለች። ልጅቷ ስትሮጥ መስመሯም አብራት ትንቀጠቀጣለች። እሷን አጠፏት! እሷን አጥፍቶ ፊልም አለ?

ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የዲቪዲው ምስል ከካሴቱ ይሰፋል። ግራና ቀኙ ላይ ካሴቱ ውስጥ ያልነበረ ነገር ይታያል። ግማሽ ዛፍ፣ አንድ ሱቅ፣ የቆመ ሰው። እኔ ወዲያው ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። «ይሄ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው!» አልኩ። «የዛሬ ቴሌቪዥን ሰፊ ስለሆነ ክፍተቱን ለመሙላት ጎንና ጎኑን ፈጥረው ጨምረውበታል።»

ሐያት በትዕግሥት አስረዳችኝ። ፊልሙ መጀመሪያውኑ ሰፊ ነበር አለች። የድሮ ቴሌቪዥን ጠባብ ስለነበር ካሴት ሲያደርጉት ጎንና ጎኑን ቆርጠው ጣሉት አለች። «እኔ በቀን ሃምሳ ሰው የምቆርጥ ሴት ነኝ» አለች። «ሰውዬው ከነሚስቱ የተነሳውን የሠርግ ፎቶ ያመጣልኛል፤ ሚስቱን ቆርጬ እሱን ለፓስፖርት አወጣዋለሁ። አሁን ሚስቱ በኮምፒዩተር የተፈጠረች ናት ትለኛለህ?»

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መች እሸነፋለሁ! «ዲቪዲውን አይተኸዋል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ለማወቅ ማየት አያስፈልገኝም» አልኩ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔ ያላየሁትን ዲቪዲ ጠልቼ ጠልቼ ደከመኝ።

በዚህ ላይ የዶሮው ነገር አለ። መሰናበቻው ላይ፣ ልጅቷ ቆማ እንባዋ ሊወርድ ሲል፣ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ዶሮው አይታይም። ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ዶሮ ሦስት ረጃጅም መልእክት ልኬ አውቃለሁ። ዳይሬክተሩ ንጋትን ነው የሚናገረው፣ መለያየት መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ነው ማለቱ ነው ብዬ። አንድ አል ዓይን ያለ ወንድም ደግሞ፣ «የለም፣ ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድም ዶሮ ጮኋል፤ ዶሮው የሚያመለክተው ክህደትን ነው» አለ። በዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከርን። ምን እናድርግ? ቤት ተዘግቶብናል።

ይህን ሁሉ እየተባባልን ሳለ ነው አንድ ቀን ጧት ከአዲስ ሰው የድምፅ መልእክት የመጣው። ትርንጎ ትባላለች። አል ዓይን፣ ዛኸር፣ ሰው ቤት ልጆች ታሳድጋለች። ከኮሮና በፊት አቡዳቢ ፎቶ ልትነሳ መጥታ ነው ከሐያት ጋር የተዋወቁት፤ ወደ ግሩፑ ያስገባቻትም ሐያት ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ልጆቹ ትምህርታቸው በኮምፒዩተር ስለሆነ ጮክ ማለት አልችልም ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ እንዲህ ስትል ታሪኳን ነገረችን።

አባቷ አቶ ደምሴ ይባላሉ። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ለፋሲካ አውራ ዶሮ ገዝተው ሲመለሱ ፊልም ቀራጮች ሰው ሰብስበው አገኙ። «እዚህ ቁም፣ ወደዚህ አትይ» አሏቸው፤ ቆሙ። ሲመለሱ ለሰፈሩ ሁሉ ፊልም ሠርቻለሁ ብለው አወሩ። ዓመታት አልፈው ፊልሙ በካሴት ሲወጣ፣ አቶ ደምሴ ሱፋቸውን ለብሰው ጎረቤቱን በሙሉ ሰብስበው ቪዲዮ ቤት ይዘውት ሄዱ። አውቶቡስ ተራው መጣ። ልጅቷ ሮጠች። ዶሮው ጮኸ። አቶ ደምሴ የሉም። «ያ ድምፅ የኔ ዶሮ ነው!» ቢሉ ማን ይስማቸው? ድምፁን ሰምተህ ነው የፈጠርከው ተባሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «ደምሴ ሲኒማ» ሆኖ ቀረ። ሰው ሲዋሽ፣ «እንደ ደምሴ ሲኒማ አታድርገው» ይባላል። ትርንጎም ትምህርት ቤት «የሲኒማው ልጅ» እየተባለች አደገች።

«አሁን ፊልሙ እንደ አዲስ ወጥቷል ሲባል ሰምቷል» አለች። «ጎረቤት ሳያየው በፊት አንቺ እይልኝ አለኝ። ሰማንያ ሊሞላው ነው። ደግሞ እንዲስቁበት አልፈልግም። እባካችሁ፣ አባቴ መኖር አለመኖሩን የሚነግረኝ ሰው አለ?»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «ቆይ እህቴ፣ አጣርተን እንነግርሻለን» ትላላችሁ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ይላል። እኔ ግን ሊቅ ነኝ። ደግሞስ ዶሮዬን ነካችብኝ! ያን ሁሉ ንጋት፣ ያን ሁሉ ተስፋ፣ ለፋሲካ ወጥ የተገዛ ዶሮ ልታደርግብኝ? የአውቶቡስ ተራውን ትዕይንት ከካሴቴ ቆርጬ፣ የሚታየውን ሰው ሁሉ ፊቱን በቀይ ከብቤ ላክሁላት። ከሥሩም፣ «እህቴ፣ አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ። አባትሽ የሉም። ዶሮውም ምልክት ነው እንጂ የማንም አይደለም። ኸላስ።» ብዬ ጻፍኩ።

መልእክቱን አየችው። ከግሩፑ ወጣች።

ሐያት ያን ቀን ፎቶ ቤቱ ለግማሽ ቀን ተከፍቶላት ሥራ ላይ ነበረች። ቤቷ ገብታ የተጻፈውን ስታነብ ዲቪዲውን ከፈተች። የአውቶቡስ ተራውን ከቴሌቪዥኗ ላይ በስልኳ ቀርጻ ላከችልኝ። «ዝም በልና ግራ ግራውን እይ» አለች።

አየሁ። ልጅቷ ትሮጣለች። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። እሺ ይሁን። አውቶቡሱ አለ። ግራ ጠርዝ ላይ፣ የኔ ካሴት ከሚያበቃበት አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ፣ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰው ቆሟል። ብብቱ ሥር ቀይ አውራ ዶሮ ይዟል። ልጅቷ ልታለቅስ ስትል ዶሮው አንገቱን አወጣና ጮኸ። ሰውዬው ደንግጦ አፉን በመዳፉ ሊይዝለት ይታገላል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ አትይ የተባለውን ካሜራ ትክ ብሎ ያያል።

ኮምፒዩተር ዛፍ ይፈጥራል። ሱቅም ይፈጥራል። አቶ ደምሴን ከነዶሯቸው ግን ከየት አምጥቶ ይፈጥራቸዋል?

ከዚያ ወዲያማ ዘጠኝ እርምጃው አልበቃ አለኝ። ሐያት ለትርንጎ ስትደውል ስልኳ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው። በሳምንቱም ዝግ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ቃል እስኪመጣላቸው የሚጠብቁ ሽማግሌ፣ የኔን «ኸላስ» ሰምተው ይሆናል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ሆነ።

ልሂድ ብል በምን ልሂድ? ከአቡዳቢ አል ዓይን መንገዱ ለተሳፋሪ ዝግ ነው። የሚያልፈው ጭነት ብቻ ነው። መጋዘናችን ሲከፈት፣ አል ዓይን ላለ ጋራዥ ፍሬን ሸራ የሚላክ መሆኑን ሰማሁ። አለቃችንን፣ ሙዲሩን፣ «እኔ ልሂድ» አልኩት። ሰውዬው ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ስንት ዓመት «ከመጋዘን አታውጡኝ፣ ፀሐይ አልችልም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ምርመራ አድርግና ሂድ አለኝ። ያቺን እንጨት ለመጀመሪያ ጊዜ በደስታ ተቀበልኳት።

ሹፌሩ ኻን የሚባል ፓኪስታናዊ ነው። መስኮቱን ከፍተን፣ ጭንብላችንን አድርገን፣ በዓረብኛና በምልክት እያወራን ሄድን። ለምን እንደምሄድ ነገርኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «አሻን ዲጃጅ?» አለኝ። ለዶሮ ብለህ ነው? ማለቱ ነው። አዎ፣ ለዶሮ ብዬ ነው። ራሱን ነቅንቆ ወደ መንገዱ ዞረ። ኬላው ላይ ፖሊሱ የምርመራ ውጤታችንን አይቶ «ያላ» ብሎ አሳለፈን።

ፍሬን ሸራውን አራግፈን ዛኸር ገባን። ቤቱን ሐያት በሰፈሩ ባቃላ፣ በትንሿ ሸቀጥ ሱቅ፣ ምልክት ነግራኝ ነበር። የባቃላው ባለ ሱቅ ሕንዳዊ ነው። ትርንጎን ያውቃታል፣ ለልጆቹ ወተት የምትወስድ እሷ ናት። ባንኳኳበት ቤት ማዳም ብትወጣ ምን እላለሁ እያልኩ ስንቆራጠጥ፣ እሱ በቤቱ ስልክ ደውሎ፣ «ሰው ይፈልግሻል፣ በር ላይ» አላት።

ወጣች። ጭንብል አድርጋለች፣ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ሁለት ልጆች ከኋላዋ ተከትለዋል። እኔ መንገዱ ዳር፣ ርቀቴን ጠብቄ ቆሜያለሁ።

«ሰይድ ነኝ» አልኩ። «የግሩፑ።»

«አሁን ደግሞ ምን ቀረህ?» አለች። «እናትሽም የለችም ልትለኝ ነው?»

ተገቢዬ ነው።

«ስልክሽ አልከፈት ብሎ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ለማን ልክፈተው?» አለች። «አንድ ለራሱ ዓዋቂ የሆነ ሰው የለህም ብሏል ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። እሺ ልጄ አለኝ። እሺ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሳም። ወንድሜን ስጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው አለኝ። አባቴ ካላነሳው ስልክ ምን ይሠራልኛል?»

ስልኬን አውጥቼ መሬት ላይ፣ መሀል ላይ አስቀመጥኩና ወደ ኋላ ተመለስኩ። ኮሮና ነዋ! «ግራ ግራውን እይው» አልኳት። ጎንበስ ብላ አነሳችው። ልጅቷ ትሮጣለች። አውቶቡሱ። ዶሮው ጮኸ።

ትርንጎ አልጮኸችም። አላለቀሰችም። «ቆይ» አለች። መልሳ አየችው። እንደገና መለሰችው። ሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያለቀሰች መስሎኝ ቀረብ ልል ስል እየሳቀች ነው። «ወደ ካሜራው አትይ ብለውት ነበር እኮ!» አለች። «እየው! አፍጥጦ! አባዬን እየው!»

ትንሿ ልጅ ስልኩ ላይ ተንጠልጥላ፣ «ሚን ሀዳ?» አለች። ይሄ ማነው? ማለቷ ነው።

«አቡይ» አለች ትርንጎ። አባቴ።

እዚያው ደጁ ላይ፣ በኔ ስልክ አዲስ አበባ ደወለች። የማያውቁት ቁጥር ስለሆነ ነው መሰል አቶ ደምሴ ራሳቸው አነሱት። ድምፁን ከፍ ስላደረገችው ሁሉንም ሰማሁ።

«አባዬ፣ እንዳትዘጋው። አለህ! ፊልሙ ውስጥ አለህ! በዓይኔ አየሁህ!»

ወዲያ ማዶ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ።

«ዶሮውስ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«አለ አባዬ። ይጮኻል። አፉን ልትይዘው ትታገላለህ።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉ። «ወንድምሽን ሱፌን ያውርድልኝ በይው።»

ወደ መኪናው ስመለስ ኻን፣ «ዲጃጅ?» አለኝ። «ተማም» አልኩት፤ ሁሉም ሰላም ማለቴ ነው። እኔም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ አርፎ ተቀመጠ።

ወሬው እዚህ ቢያበቃ ለኔም ክብር ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ፣ ግሩፑን ይቅርታ ጠይቄ፣ አንዳንድ ሰው «ማሻአላህ» ብሎኝ ይዘጋ ነበር። ይቅርታውንም ጠይቄያለሁ። ትርንጎ ወደ ግሩፑ ተመለሰች። አቶ ደምሴም ጎረቤቱን፣ በሕይወት የቀረውን፣ ተራ በተራ ደጅ ላይ አስቁመው ፊልሙን በመስኮት አሳዩት። «ደምሴ ሲኒማ» የሚለው ስም አልጠፋም፤ አሁን ግን ሲጠሩበት አቤት ይላሉ አሉ።

ግን ሰው መታመን ሲለምድ ምን እንደሚሆን አታውቁም። በሳምንቱ ትርንጎ የአባቷን አዲስ ወሬ ላከችልን። ዳይሬክተሩ ከመቶ ሰው መሀል መርጦ ነው ያቆመኝ ብለዋል። ኸይር፣ ይሁን። በሌላው ሳምንት፣ ልጅቷ ማልቀስ አቅቷት እንዴት እንደሚለቀስ ያሳየኋት እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ዋናውን ተዋናይ ሆነህ ሥራ ብለውኝ ነበር፣ በዓሉ ስለደረሰ ነው እምቢ ያልኩት አሉ። ትናንት ደግሞ ተዋናይዋ ላግባህ ብላ ለምናኝ ነበር ብለዋል። ሐያት ሳቀች። ያ የአል ዓይኑ ወንድም፣ «ይሄማ ቅጥፈት ነው» ብሎ ሊጽፍ ጀምሮ አጠፋው። ማን ይደፍራል? ማንስ ጠርዙን አይቶታል?

ሰውዬው አርባ ዓመት እውነቱን ሲናገር ውሸታም አልነው። እውነተኛ መሆኑ ሲረጋገጥለት ነው መዋሸት የጀመረው።

ዛሬ ጧት ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። አቶ ደምሴ፣ «ይሄም ዲቪዲ ጎደሎ ነው፤ እኔ የተናገርኩበት ረጅም ንግግር ነበር፣ ቆርጠውታል» ብለዋል። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ተነስቼ ዘጠኝ እርምጃዬን እየሄድኩ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፍኩ። «የ«ሐሙስ ተሳፋሪ»ን ሙሉውን ቅጂ፣ ከነአቶ ደምሴ ንግግር፣ በአስቸኳይ እንድታወጡልን እንጠይቃለን» ብዬ።